የዩሮቦንድ አባት፦ ዚግመንድ ዋርበርግና ኢትዮጵያ ያልከፈለችው ወለድ

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። የመክፈያው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 11 ቀን 2023 ነበር። ውሉ የሚፈቅደው የ14 ቀን የእፎይታ ጊዜም በፈረንጆቹ ገና ሰሞን አለቀና፣ አገራችን ከዛምቢያና ከጋና ቀጥላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዩሮቦንድ (አንድ መንግሥት ወይም ድርጅት ከአገሩ ውጭ በውጭ ገንዘብ የሚበደርበት፣ ገዢዎቹም መልሰው ሊሸጡት የሚችሉት የብድር ወረቀት) ክፍያ ያቋረጠች ሦስተኛዋ የአፍሪካ አገር ሆነች። የገንዘብ ሚኒስቴር «ገንዘቡ ጠፍቶ ሳይሆን ሁሉንም አበዳሪ እኩል ለማስተናገድ ነው» የሚል ማብራሪያ ሰጠ። ያን ሰሞን ስለ ዕዳው ብዙ ተጻፈ፣ ብዙ ተባለ። አንድ ጥያቄ ግን በቅጡ ሳይመለስ አለፈ፦ ለመሆኑ አበዳሪያችን ማን ነው?

ከቻይና የተበደርነውን ከማን እንደተበደርን እናውቃለን። ዓለም ባንክም አዲስ አበባ ላይ ቢሮ አለው፤ ችግር ሲመጣ ሄዶ ማነጋገር ይቻላል። የዩሮቦንዱ ባለቤት ግን ዛሬ ለንደን የተቀመጠ ፈንድ፣ ማለትም የብዙ ሰዎችን ገንዘብ ሰብስቦ የሚያሠራ ድርጅት፣ ሊሆን ይችላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ኒው ዮርክ ላለ ሌላ ፈንድ ሸጦት ሊወጣ ይችላል። ተበዳሪው ሳይጠየቅና ሳይሰማ አበዳሪው ይለወጣል።

ይህ ዝም ብሎ የመጣ ነገር አይደለም። ዩሮቦንድ ከመነሻው አገር እንዳይኖረው ተደርጎ የተሠራ ወረቀት ነው። የሠራው ሰው ደግሞ ራሱ ከአገሩ የተሰደደ፣ ከታወቀ የአይሁድ ባንከኞች ቤተሰብ የተወለደ ጀርመናዊ ነበር። ዚግመንድ ዋርበርግ ይባላል። የእሱን ሕይወት ጠጋ ብሎ ማየት ዛሬ ገንዘብ ሚኒስቴር ፊት ለፊት የተቀመጠውን ችግር ለመረዳት ያግዛል ብዬ አምናለሁ። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ የአውሮፓውያን ናቸው።)

ዋርበርጎች ስማቸውን የወሰዱት በዌስትፋሊያ ከምትገኝ አነስተኛ የጀርመን ከተማ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚያ ሲሰፍሩ በገንዘብ ለዋጭነትና በአበዳሪነት ይተዳደሩ ነበር፤ ዘመኑ ለአይሁዳውያን የአብዛኛው የእጅ ሙያ በር የተዘጋበት ስለነበር የቀራቸው ምርጫ ጥቂት ነበር። በ1798 ሁለት ወንድማማቾች ሐምቡርግ ላይ ኤም ኤም ዋርበርግ የተባለውን ባንክ አቋቋሙ። ባንኩ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ከጀርመን ትልልቅ የግል ባንኮች ተርታ ተሰለፈ።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ቤቱን ያስጠሩት አምስት ወንድማማቾች ናቸው። የበኩሩ አቢ ገና በ13 ዓመቱ ብኩርናውን ለታናሹ ለማክስ እንደሰጠ ይነገራል፤ በልዋጩ የጠየቀው ዕድሜ ልኩን የሚፈልገውን መጽሐፍ ሁሉ እንዲገዛለት ብቻ ነበር። ማክስ ቃሉን ጠበቀ። ማክስ ባንከኛ ሆነ፤ አቢ ደግሞ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ወጣውና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ሰበሰበ። ሦስተኛው ወንድም ፓውል ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሲቋቋም ከሐሳቡ ዋና አመንጪዎች አንዱ ሆነ፤ በ1914 ሥራ በጀመረው ቦርድም ተቀመጠ። ፌሊክስም ኒው ዮርክ ገብቶ በኩን ሎብ ባንክ ሸሪክ ሆነ።

ዚግመንድ የተወለደው ግን ከዚህ ቅርንጫፍ አይደለም። አባቱ ጌኦርግ የማክስ የአጎት ልጅ ነበር፤ ባንከኝነትን ትቶ በደቡብ ጀርመን እርሻ ያርስ ነበር። ዚግመንድ በ1902 ተወለደና ኡሄንፌልስ በሚባል ኮረብታ ላይ ባለ የእርሻ ግቢ ያለ እህት ያለ ወንድም አደገ። የተማረው በአቅራቢያው ኡራኽ ከተማ በሚገኝ የፕሮቴስታንት ሴሚናሪ ነው፤ ከተማሪዎቹ ሁሉ አይሁዳዊው እሱ ብቻ ነበር። እናቱ ሉሲ ጠንካራ ሴት ነበረች። ልጇ በየማታው ውሎውን እንዲመረምርና ጥፋቱን ራሱ እንዲነግራት አስለምዳዋለች። በኋላ ለንደን ውስጥ የመሠረተው ባንክ በዚህ ጠባይ የተቀረጸ ይመስለኛል፤ ወደዚያ እንመጣለን።

በ1920 ሐምቡርግ የዘመዶቹ ባንክ ገብቶ ሥራ ተማረ። ከዚያ ለንደን ሮትሽልድ ባንክ፣ ቀጥሎም አሜሪካ ሄዶ ሠራ። በ1930 የኤም ኤም ዋርበርግ ሸሪክ ሲሆን ዕድሜው 28 አልሞላም ነበር። ጊዜው ግን ከፋ። በ1931 ግንቦት የኦስትሪያ ትልቁ ባንክ ክሬዲታንሽታልት ወደቀ፤ በሐምሌ ተራው የጀርመኑ ዳናት ባንክ ሆነ። የዋርበርግ ባንክም አንገቱ ድረስ ተዘፍቆ ነበር፤ ያተረፉት ከኒው ዮርክ የራሳቸውን ገንዘብ የላኩት ፓውልና ፌሊክስ ናቸው። በርሊን ላይ ሆኖ ይህን ያየው ወጣት አንድ ነገር ገባው፤ ለዘመናት የተከበረ ስም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊንኮታኮት ይችላል።

ሂትለር በ1933 ሥልጣን ሲይዝ ማክስ «ይህ ያልፋል» ከሚሉት ወገን ነበር። ዚግመንድ አላመነም። በ1934 ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ ለንደን ገባ። የአቢ መጻሕፍት ቀድመውት ነበር፤ በ1933 መጨረሻ በመርከብ ተጭነው ለንደን ደርሰዋል፤ ዛሬም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሥር በዋርበርግ ስም ተቋም ሆነው ይገኛሉ። ማክስ ግን እስከ 1938 ቆየ። በዚያ ዓመት ናዚዎች ባንኩን ከቤተሰቡ እጅ አውጥተው አይሁዳዊ ላልሆኑ ሰዎች አስተላለፉት፤ 140 ዓመት የቆየው የቤተሰብ ንብረት በዚህ ሁኔታ ሄደ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። በአማርኛ ማኅበራዊ ሚዲያ «ዓለምን በስውር የሚገዙት ሮትሽልድና ዋርበርግ ናቸው» የሚለው ወሬ በሰፊው ይዞራል፤ ስለ ዶላር ወይም ስለ ዕዳ በተነሳ ቁጥር ይመጣል። በ1933 ሆላንድ ውስጥ «ሲድኒ ዋርበርግ» በሚባል ሰው ስም አንድ ጽሑፍ ታትሞ ነበር፤ ሂትለርን በገንዘብ የደገፉት የአሜሪካ ባንከኞች ናቸው ይላል። ሲድኒ ዋርበርግ የሚባል ሰው ግን በዓለም ላይ አልነበረም። ጽሑፉ የፈጠራ ነበር። እውነተኞቹ ዋርበርጎች በዚያው ሰዓት ንብረታቸውን እየተነጠቁና እየተሰደዱ ነበር። ዓለምን የሚገዛ ሰው የራሱን ባንክ በር ማስከፈት አያቅተውም። ይህን የምለው ለመሟገት ያህል አይደለም፤ የዕዳችንን ምክንያት በስውር እጅ የምናሳብብ ከሆነ የፈረምነውን ውል ማንበብ እንተዋለን፤ ጉዳቱም በእኛው ላይ ይወድቃል።

ለንደን የደረሰው ስደተኛ በ1934 ኒው ትሬዲንግ ካምፓኒ የሚባል ትንሽ ድርጅት አቋቋመ። በ1946 ስሙ ኤስ ጂ ዋርበርግ ተባለ። ሸሪኩ ሄንሪ ግሩንፌልድም እንደ እሱ ከጀርመን የተሰደደ ነበር። የለንደን ከተማ ባንከኞች በዚያ ዘመን በጥቂት ትምህርት ቤቶች አብረው የተማሩ፣ እርስ በርስ የተጋቡ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ቢሮ የማይገኙ ሰዎች ነበሩ። ዋርበርግ ጋ ግን ጠዋት 3፡15 ላይ የሥራ ኃላፊዎች በየቀኑ ይሰበሰባሉ። የገባው ደብዳቤ ሁሉ አጭር ማጠቃለያ ተሠርቶለት ለሁሉም ይበተናል፤ እያንዳንዱ የስልክ ንግግርና የደንበኛ ጉብኝት በማስታወሻ ይሰፍራል። አንዲት የፊደል ስሕተት የተገኘባት ደብዳቤ እንደገና ትጻፋለች። ምሳ በሁለት ዙር ይበላ ነበር፤ መጀመሪያ ከአንድ ደንበኛ ጋር፣ ከዚያ ከሌላ ደንበኛ ጋር። ሠራተኛ ከመቅጠሩ በፊት ደግሞ የእጅ ጽሑፉን ለባለሙያ ልኮ ጠባዩን ያስመረምር ነበር። ይህ የመጨረሻው ልማዱ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ዛሬ እናውቃለን፤ እሱ ግን ከልቡ ያምንበት ነበር። ከሁሉም በስተጀርባ ያለው ሐሳብ አንድ ነው፦ ባንከኛ የሚያበድረውን ሰው ማወቅ አለበት።

የከተማው ሰዎች መጀመሪያ ናቁት፤ በኋላ ፈሩት። ለውጡ የመጣው በ1958 መጨረሻ «የአሉሚኒየም ጦርነት» በተባለው ፍጥጫ ነው። ዋርበርግ የአሜሪካውን ሬይኖልድስ ሜታልስንና የእንግሊዙን ቲዩብ ኢንቨስትመንትስን ወክሎ ብሪቲሽ አሉሚኒየምን ለመግዛት ተነሳ። የኩባንያው ቦርድ ላዛርድንና ሃምብሮስን የመሳሰሉ አንጋፋ ባንኮችን ይዞ እምቢ አለ። ዋርበርግ ቦርዱን ትቶ አክሲዮኑን ከባለአክሲዮኖቹ በገበያው ገዛ፤ በጥር 1959 አሸነፈ። ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል፤ ያኔ ግን የእንግሊዝን ማዕከላዊ ባንክ ዋና ኃላፊ ሳይቀር ያስቆጣ ድፍረት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዶላር በአውሮፓ ባንኮች ተከማችቶ ነበር። አሜሪካ ለአውሮፓ መልሶ ግንባታ ሰጥታለች፤ ለሠራዊቷ አውጥታለች፤ ዕቃ ገዝታለች። የአሜሪካ ሕግ ባንኮች ለአስቀማጭ የሚከፍሉትን ወለድ ይገድብ ስለነበር ዶላሩን ለንደን ማስቀመጥ የተሻለ ያስገኝ ነበር። ሶቪየት ኅብረትም አሜሪካ ዶላሯን እንዳትይዝባት በመፍራት ለንደንና ፓሪስ ባሉ ባንኮቿ ታስቀምጥ ነበር። ይህ ሁሉ ዶላር ለአጭር ጊዜ ከባንክ ወደ ባንክ ይበደር ነበር እንጂ ለረጅም ጊዜ ሥራ የሚያውለው አልነበረም። የአውሮፓ መንግሥት ወይም ድርጅት ለመንገድና ለፋብሪካ የረጅም ጊዜ ዶላር ሲፈልግ ኒው ዮርክ መሄድ ነበረበት። የኒው ዮርክ ባንከኞች ቦንዱን ያወጣሉ፣ የኮሚሽኑን ዋና ድርሻ ይወስዳሉ፤ ከዚያ ግን ብዙውን ቦንድ የሚገዙት አውሮፓውያን ራሳቸው ነበሩ።

ዋርበርግ «ታዲያ ለምን እዚሁ አይሆንም?» አለ። የመጀመሪያ ተበዳሪ እንዲሆን ያሰበው የአውሮፓን የድንጋይ ከሰልና የብረት ማኅበረሰብ ነበር፤ የዛሬው የአውሮፓ ኅብረት ጥንስስ መሆኑ ነው። ያ ሳይሳካ ሲቀር ወደ ኢጣሊያ ዞረ። በጁላይ 1963 የኢጣሊያው የአውራ ጎዳና ድርጅት አውቶስትራዴ 15 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ። ዘመኑ 15 ዓመት፣ ወለዱ በዓመት 5.5 በመቶ፣ ዋስ የሆነው ደግሞ አይአርአይ የተባለው ግዙፍ የመንግሥት ይዞታ ድርጅት ነው። ብድሩ በ60,000 ቦንዶች ተከፋፈለ፤ አንዱ 250 ዶላር። እንዲያውም ገንዘቡ የተፈለገው ለብረት አምራቹ ለፊንሲደር ነበር። በግብር ሕጉ ምክንያት ፊንሲደር ወለድን ያለ ተቀናሽ ግብር መክፈል ስለማይችል፣ የሚችለው የእህት ኩባንያ ስም ተተካ።

የውሉን አሠራር በዝርዝር ያየ ሰው ይገረማል። ቦንዱ እንግሊዝ ውስጥ ቢወጣ 4 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ይከፈልበት ነበር፤ ስለዚህ ሆላንድ ውስጥ ሺፖል አየር ማረፊያ ላይ እንዲወጣ ተደረገ። ወለዱ እንግሊዝ ውስጥ ቢከፈል የገቢ ግብር ይቆረጥበት ነበር፤ ስለዚህ ሉክሰምበርግ ላይ እንዲከፈል ተደረገ። ገንዘቡ የአሜሪካ ዶላር፣ ተበዳሪው ኢጣሊያዊ፣ አዘጋጁ ለንደን ያለ ጀርመናዊ ስደተኛ፣ ተባባሪ ባንኮቹ የቤልጂግ፣ የሆላንድና የጀርመኑ ዶይቸ ባንክ። የቦንዱ ባለቤት በየትኛውም መዝገብ አይመዘገብም፤ ወረቀቱን በእጁ የያዘ ሰው ባለቤት ነው። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ኩፖኖች አሉ። ቀኑ ሲደርስ አንዱን በመቀስ ቆርጦ ሉክሰምበርግ ያለ ባንክ መስኮት ላይ ሰጥቶ ወለዱን መቀበል ነው፤ ስም የሚጠይቅ የለም። በዚህ ምክንያት «የቤልጂጉ የጥርስ ሐኪም» የዩሮቦንድ ገዢ ምሳሌ ሆኖ ቀረ፤ ከግብር ሰብሳቢው የሸሸገውን ገንዘብ በቦንድ አስቀምጦ በዓመት አንድ ጊዜ ድንበር የሚሻገር ሰው ማለት ነው።

በዚያው በጁላይ 1963 በ18ኛው ቀን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዶላር ከአሜሪካ እንዳይወጣ ብለው አሜሪካውያን በሚገዙት የውጭ ቦንድ ላይ ግብር እንደሚጣል አስታወቁ። የኒው ዮርክ በር በውጭ ተበዳሪዎች ላይ ጠበበ፤ ሥራው ሁሉ ወደ ለንደን ጎረፈ። ዋርበርግ ዕድልም ቀንቶታል።

ስለ ዓላማው የታሪክ ሰዎች ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ ዩሮቦንድን ሀብታሞች ከግብር የሚያመልጡበት ቀዳዳ መጀመሪያ አድርገው ያዩታል። ሌሎች ደግሞ ዋርበርግ የአውሮፓን አንድነት ከልቡ ይሻ እንደነበር፣ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ድ ጎል በጥር 1963 እንግሊዝ ወደ አውሮፓ የጋራ ገበያ እንዳትገባ ከከለከሉ በኋላ ፖለቲከኞች ያልቻሉትን በገንዘብ ገበያ በኩል ለማገናኘት እንደሞከረ ያስረዳሉ። እኔ ሁለቱም እውነት ነው ባይ ነኝ። በድንበር የተቃጠለ ሰው ድንበር የማያውቅ ገበያ ፈጠረ። ድንበር የማያውቅ ገበያ ግን ለግብርም ለሕግም አይያዝም፤ የተበዳሪና የአበዳሪን መተዋወቅም ያስቀራል። አበዳሪ ተበዳሪውን ማወቅ አለበት ብሎ ዕድሜውን የፈጀው ሰው፣ ማንም ማንንም የማያውቅበትን ገበያ ትቶ ሄደ።

ገበያው ከፈጣሪው እጅ ቶሎ ወጣ። የወረቀቱ ብዛት ሲያስቸግር በ1968 ብራስልስ ላይ ዩሮክሊር የተባለ የቦንድ ማከማቻና ማዘዋወሪያ ተቋቋመ፤ ቦንዱ ካዝና ውስጥ ተቀምጦ ባለቤትነቱ በመዝገብ ብቻ ይዘዋወር ጀመር። ዋርበርግ በ1966 «ሰር» ተባለ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የእሱ ባንክ ከላዛርድና ከኩን ሎብ ጋር ተጣምሮ የዕዳ ጣጣ ውስጥ የገቡ መንግሥታትን ማማከር ጀመረ፤ የመጀመሪያዋ ደንበኛ የመንግሥት ነዳጅ ኩባንያዋ በዕዳ የተያዘባት ኢንዶኔዥያ ነበረች። በኦገስት 1982 ሜክሲኮ መክፈል እንዳልቻለች አስታወቀችና የላቲን አሜሪካ የዕዳ ቀውስ ፈነዳ። ዋርበርግ ከሁለት ወር በኋላ በኦክቶበር ለንደን ውስጥ አረፈ። ባንኩ በ1995 ለስዊዝ ባንክ ኮርፖሬሽን ተሸጠ፤ ያም ከዩቢኤስ ጋር ተዋሐደ፤ በ2003 የዋርበርግ ስም ከበሩ ላይ ወረደ።

የአፍሪካ መንግሥታት ወደዚህ ገበያ በብዛት የገቡት ዕዳቸው ከተሰረዘላቸው በኋላ ነው። ጋና በ2007 በ750 ሚሊዮን ዶላር ጀመረች። ሩዋንዳ በ2013፣ ኬንያ በ2014 ተከተሉ። በምዕራቡ ዓለም ወለድ ወደ ዜሮ ወርዶ ነበርና ገንዘብ ያላቸው ፈንዶች የተሻለ ወለድ የሚከፍል ማንኛውንም ወረቀት ይፈልጉ ነበር። በዲሴምበር 2014፣ ማለትም በ2007 ዓ.ም.፣ ተራው የኢትዮጵያ ሆነ። 1 ቢሊዮን ዶላር፣ 10 ዓመት፣ 6.625 በመቶ። ገዢዎች ያቀረቡት ጥያቄ ወደ 2.6 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። ሽያጩን የመሩት ጄፒ ሞርጋንና ያው ከ51 ዓመት በፊት ከዋርበርግ ጎን የነበረው ዶይቸ ባንክ ናቸው። ውሉ የሚዳኘው በእንግሊዝ ሕግ ነው። ገንዘቡ ለስኳር ፋብሪካዎች፣ ለኢንዱስትሪ ፓርኮችና ለኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመሮች ይውላል ተባለ።

ሒሳቡን አንድ በአንድ እንየው። በዓመት የሚከፈለው ወለድ 66.25 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በየስድስት ወሩ 33.125 ሚሊዮን። ኢትዮጵያ ከጁን 2015 እስከ ጁን 2023 ድረስ 17 ጊዜ ከፍላለች፤ ተደምሮ 563 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል። ከተበደርነው ከግማሽ በላይ በወለድ ወጥቷል፤ ዋናው 1 ቢሊዮን ግን አንዲት ሳንቲም አልተነካም፤ ውሉ ሙሉው በአንድ ቀን በዲሴምበር 2024 እንዲከፈል ያዛልና። ምንዛሪውን ደግሞ ጨምሩበት። ቦንዱ ሲሸጥ አንድ ዶላር 20 ብር ያህል ነበር፤ አንዱ የስድስት ወር ወለድ 660 ሚሊዮን ብር ማለት ነው። ክፍያው በተቋረጠበት ወር ዶላር 56 ብር ገደማ ስለነበር ያው ወለድ ከ1.8 ቢሊዮን ብር በላይ ሆነ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ ዶላር 100 ብርን ሲሻገር፣ ወለዱ ከ3.3 ቢሊዮን ብር አለፈ። ለባለቦንዱ ምንም አልተለወጠም፤ እሱ የሚያውቀው ዶላሩን ነው።

የኢጣሊያው አውራ ጎዳና ከእያንዳንዱ ተሽከርካሪ ክፍያ ይሰበስብ ነበር፤ ከጀርባው የቆመው ኢኮኖሚም በዚያን ጊዜ ከአውሮፓ በፍጥነት ከሚያድጉት አንዱ ነበር። እኛ በዶላር የተበደርነውን ያዋልነው በአብዛኛው ብር በሚያስገኝ ወይም ጨርሶ ባላለቀ ፕሮጀክት ላይ ነው። የስኳር ፋብሪካዎቹ የኤክስፖርት ዶላር ሊያመጡ ቀርቶ ለአገር ውስጥ የሚበቃ ስኳር እንኳ አላመረቱም። ስሕተቱ በዚህ ላይ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ውሉ ለንደን መዳኘቱ ወይም ባንከኞቹ ፈረንጆች መሆናቸው አይደለም። ዩሮቦንድ ዶላር የሚያመነጭ ሥራ ላላት አገር የሚመች መሣሪያ ነው፤ የሚከፈልበት ቀን አንድ ነው፣ ይቅርታ የሚጠየቅበት ቢሮም የለውም።

የይቅርታው ነገር የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በዕቁብ አባል ሲቸግረው ዳኛው ጋ ሄዶ ይነጋገራል፤ ሁሉም ይተዋወቃሉ፣ ተራ ይለዋወጣሉ። በዩሮቦንድ ዳኛ የለም። ተበዳሪው ሲቸገር መጀመሪያ ባለቦንዶቹ እነማን እንደሆኑ መፈለግ አለበት፤ እነሱም ከብዙ አገር ተሰባስበው ኮሚቴ ማቋቋም፣ ጠበቃና አማካሪ መቅጠር አለባቸው። በመካከሉ አንዱ ወረቀቱን በርካሽ ሸጦ ይወጣል፤ በርካሽ የገዛው ደግሞ በሙሉ ዋጋው እንዲከፈለው ይሟገታል። ኢትዮጵያም በበኩሏ አማካሪ ቀጥራለች፤ አማካሪዋ ላዛርድ ነው።

በፌብሩዋሪ 2021 ኢትዮጵያ በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ፣ ማለትም ትልልቆቹ ኢኮኖሚዎች የድሃ አገሮችን ዕዳ በጋራ ለማሸጋሸግ ባወጡት ሥርዓት፣ ዕዳዋ እንዲሸጋሸግ ጠየቀች። ጦርነቱ ነገሩን አዘገየው። በጁላይ 2024 ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ፕሮግራም ሲያጸድቅ ድርድሩ ነፍስ ዘራ። በኦክቶበር 2024 መንግሥት ባለቦንዶቹ ከዋናው ገንዘብ 18 በመቶ እንዲተዉ ሐሳብ አቀረበ። ኮሚቴያቸው አልተቀበለም። መከራከሪያቸው፣ ኢትዮጵያ የገጠማት የጊዜያዊ ዶላር እጥረት ነው እንጂ ዕዳዋን መሸከም ያለመቻል አይደለም፤ ስለዚህ ቀኑን ማራዘም እንጂ ዋናውን መቀነስ አያስፈልግም የሚል ነው። በማርች 2025 ደግሞ ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ የሚመሩት የመንግሥታት አበዳሪዎች ኮሚቴ 8.4 ቢሊዮን ዶላር በሚሆን ዕዳ ላይ ከኢትዮጵያ ጋር በመርሕ ደረጃ ተስማማ። በዚያን ጊዜ የ1 ቢሊዮኑ ቦንድ ጉዳይ ገና አልተቋጨም ነበር።

በባለቦንዶቹ ክርክር ውስጥ ሊናቅ የማይገባው ነጥብ አለ። ምንዛሪው ከተለቀቀ በኋላ የቡናና የወርቅ ኤክስፖርት ገቢ ጨምሯል፤ አገሪቱ ጨርሶ ባዶ እጇን አይደለችም። ይሁንና የማዕቀፉ ሕግ ግልጽ ነው፤ መንግሥታት ካገኙት የተሻለ ክፍያ ለግል አበዳሪ አይሰጥም። ለጥቂት ፈንዶች የተለየ ዋጋ ቢሰጥ ቻይናም ፈረንሳይም «እኛስ?» ይላሉ፤ የ8.4 ቢሊዮኑ ስምምነት ይናጋል። ደግሞም 6.625 በመቶ ወለድ የተከፈለው አደጋ ስላለበት ነው። ቦንዱ ሲሸጥ የተበተነው ሰነድ የድርቅን፣ የጦርነትንና የውጭ ምንዛሪ እጥረትን አደጋ በጽሑፍ ዘርዝሮ ነበር፤ ገዢዎቹም አንብበው ነው የገዙት። አደጋውን እያወቁ ለስምንት ዓመት ተኩል የአደጋውን ዋጋ በወለድ የተቀበሉ አበዳሪዎች፣ አደጋው ሲደርስ ከኪሳራው ድርሻቸውን ማንሳት ይገባቸዋል። መንግሥት በዚህ አቋሙ ቢጸና ትክክል ነው እላለሁ።

ይህን ሲያደርግ ግን የራሱንም ወገን ሒሳብ ለሕዝብ መግለጥ ይጠበቅበታል። ከ1 ቢሊዮን ዶላሩ ምን ያህሉ ለየትኛው ስኳር ፋብሪካ፣ ምን ያህሉ ለየትኛው የኢንዱስትሪ ፓርክ እንደዋለ፣ የትኛውስ ዛሬ ዶላር እያስገባ እንደሆነ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በዝርዝር ቀርቦ አንድ በአንድ ይመርመር። ዕዳው ቢሸጋሸግም ቀሪውን የሚከፍለው ያው ሕዝብ ነውና።